በእግሯ በኩል የጫንናት ሴት

ሶዶ ተወልጄ ያደግሁ መካኒክ ነኝ። አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔ ግን አማርኛውንም ወላይታቶውንም እኩል እየተናገርኩ ነው ያደግሁት። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ ቀን ነው። ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ግን ነገሩ ብዙም ትርጉም አይሰጣችሁም።

ብረት ከሰው ይሻላል ባይ ነበርኩ። ብረት ቢሰበር ይበየዳል፣ ቢላላ ይጠብቃል፣ ደግሞ ነገር አያመላልስም። ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ድንኳን ሲተከል ባለቤቴ ትሄዳለች፤ እኔ መኪና ሥር ተኝቼ እውላለሁ። የእድሩ ዳኛ ሁለት ሦስት ጊዜ መክረውኝ ሲሰለቻቸው ተዉኝ። ሰው መለመን ደግሞ ሞት ነበር ለእኔ። መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ቢገባ «እስቲ ግፉልኝ» ከምል እዚያው ባድር እመርጣለሁ።

ዳዊት የሰፈራችን ነጋዴ ልጅ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ ጀምሮ ጋራዤ በር ላይ ቆሞ የሚያይ ስለነበር እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የማየው። አንድ ቀን አይሱዙ ላይ ጭኖ አንድ ጉድ ይዞልኝ መጣ። አራት ጎማ አላት፤ በር የላት፣ መስታወት የላት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጥባታል፤ ከኋላዋ ትንሽ የዕቃ ሳጥን አላት። ከባጃጅ ትገዝፋለች፣ ከፒካፕ ታንሳለች። ለገደልና ለጭቃ የተሠራች፣ ላስቲኳ እንኳ ያልተላጠ አዲስ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ አያትና ወዲያው ስም ወጣላት፦ ጉርጥ። አፏ ሰፊ፣ ዓይኗ ፈጣጣ ነበር፤ ስሙ በልኳ እንደተሰፋ ልብስ ልክክ አለባት።

የዳዊት ሐሳብ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶችን ዳሞታ ተራራ ላይ ማውጣት፣ ከዚያም በሃላሌ በኩል ወደ ኦሞ የሚያሳየው ቆላ ድረስ ማውረድ ነበር። «ጋሼ፣ እንዳለች አትበቃም፤ አጠንክራት» አለኝ። ባለቤቴ ምሳ ስታመጣልኝ አይታት «ከፋብሪካ አዲስ የወጣን ነገር ምን ጎደለው ብላችሁ ነው የምታሻሽሉት?» ብላ ሳቀች። ሃላሌ ያለችበትን የኪንዶ ዲዳዬን ወረዳ መንገድ ያየ ፋብሪካ የለም አልኳት።

ሥራዬን ወደድኩት። ሞላዎቹን ቀይሬ ከመሬት ከፍ አደረግኋት፤ ጥርሰ ትልልቅ ጎማ አጠለቅሁላት። ከሥሯ ድንጋይ እንዳይበላት ወፍራም ላሜራ ገጠምኩ። ከላይ በቱቦ ብረት ጣሪያ በየድኩላት፤ ለሁለቱም ወንበር ከትከሻ የሚያቋርጥ ቀበቶ አሰርኩ። ከፊት ዊንች ተከልኩላት፤ ይሄ የብረት ገመድ የተጠመጠመበት ማሽን ነው፤ ገመዱን ዛፍ ላይ አስረህ ስትነካው መኪናዋ ራሷን ትጎትታለች። ዳዊት ደግሞ ድምጿ ይከበድ ብሎ ለመነኝና የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ቀየርኩ። ስትነሳ የጋራዡ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዊንቿን የሞከርን ዕለት፣ «ከእንግዲህ ማንንም ግፉልኝ አትልም» አልኩት። በዚህ በጣም ኮርቼ ነበር።

የመጀመሪያውን ረጅም ሙከራ ያደረግነው በቤሌ ገበያ ቀን ነው። በጠዋት ከሶዶ ተነስተን ቤሌን አለፍን። መንገዱ ገበያ በሚወርድ ሰው፣ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥርና ሙዝ በጫነ አህያ ተሞልቶ ነበር። ሃላሌን አልፈን ዋናው መንገድ ሲያልቅ አንድ ቦይ አገኘን። ድልድዩን ክረምቱ ወስዶታል፤ ጥልቅ ነው፣ ከሥሩ ቀይ ውኃ ይሄዳል። መኪና የሚባል ነገር ከዚያ አያልፍም። እኔ ገመዴን ወዲያ ማዶ ካለው ግራር ላይ አስሬ ጉርጥን አሻገርኳት። ዳዊት በስልኩ ይቀርጸኝ ነበር። ሁለት የሚያርሱ ሰዎች ሊያግዙን ሲመጡ በእጄ «አያስፈልግም» ብዬ መለስኳቸው።

ከቦዩ ወዲያ አንድ መንደር አለ፤ ከመንደሩ በላይ መንገዱ ተራራውን ይዞ እየተጠማዘዘ ይወጣል። አናቱ ላይ ደርሰን አገሩን እያየን ሳለ ቃሬዛ መጣ።

በዚያ አገር ቃሬዛ ሲመጣ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ገበያ ሂያጅም ይሁን ሠርገኛ፣ ይቆማል፤ ትከሻውን ያስገባል። እኛም ሞተሩን አጥፍተን ወረድን። የተሸከሙት አምስት ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ አብዛኞቹም ሸምገል ያሉ፤ ጎልማሳው ሁሉ ቤሌ ወርዷል። ከፊት የሚመሩት አቶ ዳና የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ከጎን ቦርሳ ያነገበች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትራመዳለች፤ አስቴር ትባላለች። ቃሬዛው ላይ አንዲት ወጣት በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች።

ስሟ ብርቅነሽ ነው። ባሏ ቤት ታች፣ ያለፍነው መንደር ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ዘንድ ወጥታ ነበር። ጠዋት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ደህና ናት፣ ከአያቷ ጋር ቤት ቀርታለች። የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ። ባሏ ማቴዎስ አምቡላንስ ሊጠራ እየሮጠ ወርዷል። አምቡላንሱ ቢመጣም ከቦዩ ማዶ ነው የሚቆመው፤ እስከዚያ ድረስ በትከሻ መሄድ አለባት። አስቴር ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ዓይኗ ጉርጥ ላይ ነበር። «መርፌዋን ወግቻታለሁ፤ ሆዷንም እያሸሁ ነው። በዚህ አካሄድ ግን ሳንደርስ ታልቅብኛለች» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ብርቅነሽ እንዳትሰማ።

አስተኝቶ የሚወስድ ቦታ ግን ጉርጥ የላትም። ቁልፌን አወጣሁና የዳዊትን ወንበር ብሎን መፍታት ጀመርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ እያጠበቅሁ የሠራሁትን መፍታት! አንዱ ብሎን አልላቀቅ ሲለኝ ተሳደብኩ። ዳዊት ወንበሩን ነቅሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወረው። ከፊተኛው ብረት እስከ ኋላው ሳጥን ቃሬዛው ልክ ገባ፤ በቀበቶዎቹ ጠፍረን አሰርነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። አስቴር ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጣ የብርቅነሽን ጭንቅላት ጭኗ ላይ ልታደርግ ፈለገች፤ እንዲህ ሆና ፊቷን ታያለች፣ ጎንበስ ብላም ሆዷን ታሻለች። እግሯ ደግሞ ከፍ ማለት ስላለበት በፊተኛው ብረት ላይ ተሰቀለ። ማለትም ብርቅነሽ በእግሯ በኩል ልትሄድ ነው። አቶ ዳና ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ በእኛ ሰፈር በሽተኛ በራሱ በኩል ነው የሚሄደው። በእግሩ በኩል የሚወጣ ሬሳ ነው» አሏት በወላይታቶ።

«አውቃለሁ፣ አዋ» አለች አስቴር። አዋ ማለት አባት ማለት ነው፣ ለትልቅ ሰው የሚባል። «ግን ደሟ ወደ ላይ እንዲመለስላት እግሯ ከፍ ማለት አለበት። እኔም ፊቷን ካላየሁ አልችልም።»

አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ። ቢሆንም አንድ ሰው በአቋራጭ ሮጦ ይቅደም፣ ለታችኛው መንደር በሽተኛ ናት ብሎ ይንገር አሉ። እኔ ሞተሩን አስነስቼ ነበር። ሯጭ ምን ያደርጋል፣ እኛ እንቀድመዋለን አልኩና ነዳሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እንደዚያ ነው የሆነው።

ማካፋት ጀመረ። ዳዊት ከኋላ ብረቱ ላይ ቆሞ የአስቴርን ጃንጥላ ለብርቅነሽ ፊት ያዘላት። ለእኔ በቀኜ በኩል፣ ከመሪው አጠገብ፣ ሁለት ባዶ እግሮች ይታዩኛል። ያን ያህል ዓመት ስነዳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ድንጋዩን በፍጥነት ባልፈው ትናጣለች፤ ቀስ ብል ጊዜው ያልቃል። አስቴር አንዴ ፍጠን፣ አንዴ ቀስ ትለኛለች። በየመሃሉ «ብርቅነሽ፣ ዓይንሽን ግለጪ» ስትል ይሰማኛል። መልስ ሲዘገይ እግሮቹን ዞር ብዬ አያለሁ። እግዚአብሔር ይየው፣ የገብርኤልንም የማርያምንም ስም ጠራሁ፤ ዳዊት ጴንጤ ስለሆነ ከኋላዬ በራሳቸው መንገድ «ጌታ ሆይ» እያለ ይጸልይ ነበር።

ግማሹን እንደወረድን ከማዶ ካለው እርሻ አንድ ሰው ቀና ብሎ አየን። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። ከሌላው ኮረብታ ሌላ ሰው ተቀበለው፤ ከዚያ ሴቶች። የማርሚታዋ ጩኸት ጆሮዬን ስለደፈነው የሚሉት አይለይም። እኔ ሞኙ ለጉርጥ አድናቆት የሚያሰሙ መስሎኝ ነበር። ዳዊት ነው ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ የነገረኝ።

«ጋሼ፣ ይሄኮ እልልታ አይደለም። መርዶ እየተቀባበሉ ነው።»

ከሩቅ ያየ ሰው ምን ያያል? እግር ወደ ፊት፣ ነጭ ጋቢ፣ ከላይ ጃንጥላ። ሌላ ምን ሊያስብ ነው! አቋርጦ ሄዶ የሚነግራቸውን ሯጭ ደግሞ እኔ ነኝ ያስቀረሁት።

መንደሩ ጥግ ስንጠመዘዝ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። እርሻ ላይ የነበረው፣ ገበያ ያልወረደው፣ ከገበያ በጊዜ የተመለሰው፣ ሁሉም ወጥቷል። ደረት የሚመታ አለ፣ መሬት ላይ የሚወድቅ አለ። ክላክስ አደረግሁ፤ ባሰ። በሕይወት አለች ብዬ ጮህኩ፤ የራሴ ሞተር ድምፄን ዋጠው። ሁለት ሴቶች ኮፋኖው ላይ ወደቁ። ከዚያ በኋላ መንዳት አይቻልም። ቦዩ ከፊታችን እየታየ፣ አምቡላንሱ ማዶ ቆሞ መብራቱ እየበራ፣ እኛ ቆምን። አስቴር ከኋላ «እንዳትቆም፣ እንዳትቆም» ትላለች፤ እያለቀሰች ነበር።

ሕዝቡን ሰንጥቀው አንዲት ቀጠን ያሉ ሴት መጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። የብርቅነሽ አማት ናቸው፣ ወይዘሮ ዘነበች። ፊቷን ለማየት እንኳ አልዞሩም፤ ከፊት ያገኙትን ሁለቱን እግሮች አቅፈው ግንባራቸውን አስደገፉ።

«ልጄ» አሉ። «ልጄ፣ ልጄ። ገንፎሽን አገነፋሁ፣ ቅቤሽን አነጠርኩ። ለማን ልስጠው፣ ልጄ?»

ሞተሩን አጠፋሁ። ለምን ያኔ ብቻ እንዳጠፋሁት አላውቅም፤ እጄ ራሱ ነው የሄደው። ጩኸቱ በአንዴ የቀነሰ መሰለኝ። በዚያ መሃል ከጃንጥላው ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እግሬን በርዶኛል» አለች ብርቅነሽ።

ወይዘሮ ዘነበች ቀና አሉ። እግሮቹን አዩ፤ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። ጃንጥላውን ገፍተው ፊቷን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ሁለቱን እግሮች ጠቀለሉ፤ ዞር ብለውም ሕዝቡ ላይ ጮኹ።

«ምን ቆማችሁ ታለቅሳላችሁ? በሽተኛ አይታችሁ አታውቁም? ልጅቱ በርዷታል፣ መንገድ ልቀቁ!»

እንግዲህ ካለቀሱት ሁሉ ከፊት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ ማንም አልሳቀ። መንገዱ እንደ ውኃ ተከፈለና ቦዩ ጋ ደረስን።

ቦዩ ግን ጠዋት እንደተውነው አልነበረም። ላይ ዘንቦ ውኃው ሞልቷል፤ አፋፉ ተንዷል። በገመድ ብጎትታት ጉርጥ መጋደሏ አይቀርም፤ እሷ ብትጋደል ደግሞ ብርቅነሽ የለችም። ያ ሁሉ የኮራሁበት ዊንች አፍንጫዋ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ዞር ብዬ ሕዝቡን አየሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ለመንኩ። «ያዙልኝ» ነው ያልኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ማንም ትእዛዝ አልጠበቀም። ወንዶቹ ወደ ቦዩ ገቡ፤ ከወዲህ አፋፍ እስከ ወዲያኛው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሙ። መሃል ያሉት ውኃው ደረታቸው ደርሷል፤ እርስ በርስ ተደጋግፈዋል። ቀበቶውን ፈታሁ። ቃሬዛው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፣ ከራስ በላይ፣ ሳይዘነበል። አስቴር ከጎን ትከሻ ለትከሻ እየተያዘች ተሻገረች። ማዶ ማቴዎስ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ለካ ለቅሶውን ሰምቶ ሞታለች ብሎ ነው። ቃሬዛው ሲደርስ ሁለት ሰዎች በብብቱ ይዘው አነሱት። የአምቡላንሱ በር ተዘጋና ሄዱ። እኔ ጎማው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ዳዊት አይቶኛል፤ እስካሁን አንስቶብኝ አያውቅም።

በኋላ አቶ ዳና በእግራቸው ደረሱ። የሆነውን ሲሰሙ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከቦዩ እየወጣ ያለውን ሰው እያዩ በገበያ ቀን ይህን ያህል ጎልማሳ ከየት ተገኘ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ወንድ ከእርሻና ከገበያ መንገድ የሰበሰበው መርዶው ነው። በሽተኛ ናት ተብሎ ቢነገር ምናልባት ግማሹ ብቻ ነበር የሚመጣው። ይህን ሳስበው ዛሬም ግራ ይገባኛል። አውቀን ያደረግነው አይደለም፤ ልንኮራበትም አይገባም።

ብርቅነሽ ሃላሌ የመጀመሪያ እርዳታ አግኝታ ሶዶ ሆስፒታል ገባች። ደም ተሰጣት፤ ሕፃኗን አያቷ አምጥተውላት ጎኗ አስተኙላት። ተረፈች።

ጉርጥን እንደገና ሠራኋት። ማርሚታዋን ወደ ድሮው መለስኩ። የዳዊት ወንበር ያለ ቁልፍ፣ በእጅ ብቻ እንዲነቀል አደረግሁት። አስቴርን ጋራዥ ጠርቼ አማከርኳትና ከኋላ ከፍ የሚል መደገፊያ በየድኩ። አሁን በሽተኛ በራሱ በኩል ወደ ፊት ይተኛል፤ እግሩ ከኋላ ከፍ ይላል፤ ነርሷም ከጎኑ ትቀመጣለች። የዳዊት እንግዶች ይሄ ምንድን ነው ሲሉት መደርደሪያ ነው ይላቸዋል። ሰው ሊያስደነግጥ አይወድም።

እኔስ? አንባቢዎች፣ ተለወጥኩ ማለት ይከብደኛል፤ አሁንም ቁጡ ነኝ። ግን ለቅሶ እሄዳለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ስለ ሟቹ የሚለውን እሰማለሁ። ደግ ነበር፣ አዛኝ ነበር፣ እንዲህ አድርጎልኝ ነበር ይላሉ። ይህን ለራሱ ነግራችሁት ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ያምረኛል፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ አልጠይቅም። እናንተን ግን እጠይቃለሁ። አንድ ቀን ደረት የምትመቱለት ሰው ዛሬ ቤታችሁ ውስጥ ካለ፣ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? እኔ ባለቤቴን ምሳ ስታመጣ «አስቀምጪው» ነበር የምላት። አሁን ከመኪናው ሥር ወጥቼ አብሬያት እበላለሁ።

ይህን ያስተማረችኝ ብርቅነሽ ናት። ከወራት በኋላ ከዳዊት ጋር ልንጠይቃት ወረድን። ልጇ ወፍራለች። ወይዘሮ ዘነበች ደጅ ላይ ሆነው እንሰት የፈጀባቸውን ጥጃ ይራገማሉ። ብርቅነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ያን ቀን ደክሟት ነበር፤ እንቅልፉ ይጣፍጣታል፤ አስቴር ዓይንሽን ግለጪ ስትላት ምን ያደርግልኛል ትል ነበር። ከዚያ የአማቷን ድምፅ ሰማች። ማን ሞቶባቸው ነው ብላ አዳመጠች። ያ ቤት ከገባች ጀምሮ «አንቺ» እንጂ ልጄ ብለዋት አያውቁም። የሚያለቅሱት ለእሷ መሆኑን ስታውቅ መተኛቱን ተወችው።

«አሁንስ ልጄ ይሉሻል?» አልኳት።

ከደጅ ወይዘሮ ዘነበች «አንቺ! ልጅቱን አልብሻት፣ ነፋስ ነው» ብለው ጮኹ። ብርቅነሽ ሳቀች፤ ልጇን ጋቢ ውስጥ አስገባቻት።

«አይሉኝም» አለች። «ግን ሰምቻቸዋለሁ።»